እንግዳው ምን አጠፋ? ለ«የኪራይ ፊቶች» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የኪራይ ፊቶች» የሚል አንድ ጽሑፍ ሦስት ወዳጆቼ በየፊናቸው ላኩልኝ። አስፈሪ ፊልም ከተነሳ አፌን እንደማልዘጋ ያውቃሉ፤ ነገር ፍለጋ መሆኑ ገብቶኛል። ተሳክቶላቸዋል።

የጽሑፉ ክስ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል የብሪታንያ ስቱዲዮዎች የሠሯቸው አስፈሪ ፊልሞች ድንቅ ነበሩ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)፤ ያበላሿቸው ከሆሊውድ የመጡ ተዋንያን ናቸው። የመጡትም ለአሜሪካ ገበያ ሲባል እንጂ ሥራው ፈልጓቸው አይደለም። ብራያን ዶንሌቪ ፕሮፌሰር ኳተርማስን ገደለው፤ ዴና አንድሩስ አንድ ትልቅ ፊልም ላይ አንቀላፋበት፤ ቪንሰንት ፕራይስ በዳይሬክተሩ በማይክል ሪቭስ ላይ በግድ ተጫነ፤ እነ ቤቲ ዴቪስ ደግሞ ሆሊውድ ያራገፋቸው አሮጊቶች ነበሩ። ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ምርጦቹን ይይ፣ አንድም አሜሪካዊ አያገኝባቸውም፣ ብለው ይዘጋሉ ጸሐፊው።

ፊልሞቹን ቁጭ ብለው እንዳዩ ያስታውቃል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ነጥባቸው እውነት ስለሆነ ሲደርስ እቀበላለሁ። ፍርዳቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከገንዘቡ ልጀምር። ሃመር የተባለው ስቱዲዮ በ1951 ሮበርት ሊፐርት ከሚባል አሜሪካዊ ፕሮዲውሰርና የሲኒማ ቤቶች ባለቤት ጋር ተዋዋለ። ሊፐርት የሃመርን ፊልሞች አሜሪካ ውስጥ ያሳያል፤ የእርሱ ፊልሞች በተራቸው በሃመር በኩል ብሪታንያ ውስጥ ይታያሉ፤ ለሚሠሩት ፊልሞችም የአሜሪካ ተመልካች የሚያውቀውን ፊት ሊፐርት ይልካል። የሚላኩት ብዙዎቹ ዝናቸው ያዘቀዘቀ፣ ስለዚህም ዋጋቸው የቀነሰ ተዋንያን ነበሩ። ጸሐፊው ይህን በትክክል አስቀምጠውታል። ከዚያ «ስለዚህ» ብለው ሲቀጥሉ ነው የምንለያየው። ተዋናዩ ለምን እንደተቀጠረ አንድ ጥያቄ ነው፤ ካሜራው ፊት ቆሞ ምን እንደሠራ ሌላ ጥያቄ ነው። ከትኬት ሽያጭ ጋር ንክኪ በሌለው ምክንያት የተመረጠ ዋና ተዋናይ ፈልግ ብባል ቀኑ ይመሽብኛል።

ልማዱም በሊፐርት አልተጀመረም። ሃመር ገና በተቋቋመ በዓመቱ፣ በ1935፣ ሜሪ ሴሌስት ስለምትባለው መርከብ ምስጢር ፊልም ሲሠራ ያሰለፈው በሆሊውድ ድራኩላነቱ የታወቀውን ቤላ ሉጎሲን ነው። ሉጎሲ ሃንጋሪ ተወልዶ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው ነው። ጸሐፊው እንግዳ ያልገባበት ንጹሕ ዘመን ነበረ የሚሉት መቼ መሆኑን ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ዶንሌቪ። ኳተርማስ መጀመሪያ በ1953 በቢቢሲ የቀረበ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነው፤ ደራሲው ናይጅል ኒል ነው። እዚያ ላይ ፕሮፌሰሩን የተጫወተው ሬጂናልድ ቴት ነበር፤ ያስወነጨፈው ሮኬት ያመጣው መዘዝ እንቅልፍ የሚነሳው፣ አሳቢ ሰው። ሃመር በ1955 ድራማውን ወደ ፊልም ሲያመጣው ሚናው ለዶንሌቪ ተሰጠ። ኒል ይህን ፈጽሞ ይቅር አላለም። ሰውየው ጠጥቶ ነው የሠራው እስከማለት ደርሷል፤ ዳይሬክተሩ ቫል ጌስት ደግሞ ስለ ዶንሌቪ ተሟግቷል። ጸሐፊው የኒልን ቃል ተቀብለው የጌስትን ትተዋል። ኒል የሚያሳዝን ሰው ነው፤ የቢቢሲ ተቀጣሪ ስለነበረ የፊልም መብቱ የእርሱ አልነበረም፣ ልጁን ሌላ ሰው ሲድርበት ቆሞ እንዳየ አባት ነው። ያን ያህል የተናደደ ሰው ግን ምስክር ሊሆን ይችላል እንጂ ዳኛ አይሆንም።

ፊልሙን እንየው። ከጠፈር ከተመለሱት ሦስት ሰዎች በሕይወት የተገኘው ካሮን ብቻ ነው። ሪቻርድ ወርድስወርዝ የተጫወተው ይህ ሰው መጀመሪያ ላይ እርዱኝ ከማለት በቀር ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ሆስፒታል ውስጥ የቁልቋል ማሰሮውን በቡጢ ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ የሰው ክንድ አይደለም። ወደቡ አጠገብ አንዲት ትንሽ ልጅ ከአሻንጉሊቷ ጋር ስትጫወት ታገኘዋለች፤ አብረን እንጫወት ትለዋለች። (ልጅቷ ኋላ ታዋቂ ተዋናይት የሆነችው ጄን አሸር ናት።) ካሮን ልጅቷን ላለመግደል ከገዛ ክንዱ ጋር ሲታገል እናያለን፤ የአሻንጉሊቷን አንገት ይቆርጥና ይሮጣል። ይህን ሰው ወደ ሰማይ የላከው ማን ነው? ያለ መንግሥት ፈቃድ ሮኬት ያስወነጨፈው፣ ባርኔጣውንና ካፖርቱን ሳያወልቅ ሚኒስቴሩንም ፖሊሱንም ሐኪሙንም የሚያዝዘው ዶንሌቪ ነው። ሲናገር ይቆርጣል፤ ሲጠይቁት ይቆጣል፤ ካሮን የሚያሳዝነንም በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮፌሰሩ አብሮ የሚያዝን ሰው ቢሆን ኖሮ እኛ የምናዝንለት ቦታ አይተርፍልንም ነበር።

በአጠገቡ ያለውን ኢንስፔክተር ሎማክስን ደግሞ ተመልከቱ። ጃክ ዋርነር የተጫወተው ይህ መርማሪ ራሱን ተራ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰው ብሎ የሚጠራ፣ ረጋ ያለ፣ የለንደን ሰው ነው። አንዱ አገሩን ይጠብቃል፣ ሌላው አገሩን ላቦራቶሪ አድርጎታል። ጦርነቱ ካበቃ አሥር ዓመት ብቻ ለሆነው የእንግሊዝ ተመልካች ያ አዛዥ የአሜሪካ ድምፅ አዲስ አልነበረም። ጌስት ይህን ያቀደው አይመስለኝም፤ የተላከለትን ሰው እንደተላከለት ተጠቀመበት። በ1967 በተሠራው ሦስተኛው የኳተርማስ ፊልም ላይ ስኮትላንዳዊው አንድሩ ኪር ፕሮፌሰሩን ሲጫወት ኒል የጻፈው ሰው በመጨረሻ መጣ፤ ከሁሉም ምረጥ ብባል እኔም ኪርን ነው የምመርጠው። ዶንሌቪ ሌላ ሰው ነው የሠራው፣ የሚያስፈራ ሰው፤ አስፈሪ ፊልም ላይ ይህ እንደ ጥፋት ሲቆጠር ያየሁት «የኪራይ ፊቶች» ላይ ነው።

«አሜሪካውያኑ ሁሉ ጯሂ ናቸው» ለሚለው ደግሞ ዲን ጃገር ይበቃል። ኒል ኳተርማስን ለአዲስ ታሪክ አላበድርም ሲል ሃመር በ1956 «ኤክስ ዘ አንኖውን» ላይ ሮይስተን የሚባል ሌላ ሳይንቲስት ፈጠረ፤ ሚናውንም ለኦስካር ተሸላሚው ጃገር ሰጠ። ጃገር ፊልሙን ሙሉ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣውን ጨረር በል ጭቃ እንደ ታማሚ ነው የሚያየው።

ዴና አንድሩስ ላይ ግን ጸሐፊውን በዋዛ አልለቃቸውም። ፊልሙ የ1957ቱ «ናይት ኦቭ ዘ ዲመን» ነው፤ «የጋኔኑ ሌሊት» ልበለው። መጀመሪያ ያየሁት ለንደን በገባሁ በዓመቴ፣ አምስት ሆነን በተከራየነው ቤት ሳሎን፣ ሌሎቹ ማለዳ ሥራ ገቢ ስለነበሩ ድምፁን ቀንሼ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። እንግሊዝኛዬ ገና ነበር፤ የንግግሩ ግማሽ አምልጦኛል። አንድሩስ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ሰው የሚያሳፍር፣ በትሕትና ሲሸሹት እንደ መልስ የሚቆጥረው፣ የቤቱን ሥርዓት ያልተነገረው ሰው ነበር። ያን ሰሞን እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ታሪኩ ከኤም. አር. ጄምስ የ1911 አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ጆን ሆልደን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ለጉባኤ ወደ ለንደን ይመጣል። አስማት የሚባል ነገር የለም የሚል ሰው ነው። ካርስዌል የሚባል ባለጸጋ አስማተኛ፣ ጥንታዊ ፊደል የተጻፈባት ቁራጭ ብራና ሳያውቅ ያስይዘዋል። ለእኛ አገር አንባቢ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ ክታብ ናት፤ ልዩነቱ ይህችኛዋ ያዡን አትጠብቅም፣ ታስበላዋለች። ቀኑ ሲደርስ ጋኔኑ የሚመጣው ክታቧን በያዘው ላይ ነው፤ መዳኛው አንድ ብቻ ነው፣ ሳያውቅ ለሰጪው መልሶ ማስያዝ።

ጸሐፊው የጄምስን ታሪክ አንብበዋል፤ ተጠቂው ደኒንግ የሚባል እንግሊዛዊ መሆኑን ጠቅሰው «እንደነበረ ቢተዉት ምን ነበረበት?» ይላሉ። የነበረበትን ልንገራቸው። የጄምስ ደኒንግ ፈሪ ነው፤ ቶሎ ያምናል፤ ወረቀት ላይ ፍርሃት በሹክሹክታ ይሄዳል። ፊልም ላይ በአሥረኛው ደቂቃ ያመነ ሰው ግን የቀረውን ሰዓት ምን ይሠራበታል? የማያምን፣ ለማመን የሚከብደው፣ ማመን እንደ ሽንፈት የሚቆጠርበት ሰው ያስፈልጋል። አንድሩስ ግትር ነው ሲሉ ልክ ናቸው፤ ግትር እንዲሆን ነው የተቀጠረው። ክታቧ ከእጁ አፈትልካ ወደ ምድጃው እሳት ስትበር የእሳት መከለያው ላይ ተለጥፋ ትቀራለች፤ እሳት ውስጥ ብትገባ ያበቃለት ነበር። እርሱ ግን ነፋስ ነው ይላል። ያን ሲል ፊቱን እዩት። አፉ ነፋስ ነው ይላል፤ ዓይኑ ከብራናዋ አይነሳም። ይህ እንቅልፍ ከሆነ እኔም እንዲህ መተኛት እፈልጋለሁ።

ሌላም ትዕይንት አለ። ካርስዌል በሰፊው ግቢው የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ፣ እንደ ሰርከስ አስቂኝ ፊቱን ተቀባብቶ ምትሃት ያሳያቸዋል። ሆልደን ያላግጥበታል። ካርስዌል ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ ዝም ይላል፤ ወዲያው ሰማዩ ይጠቁራል፣ ወንበሩ ይበራል፣ ልጆቹ እየጮሁ ወደ ቤት ይሮጣሉ። ሆልደን እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ መኖሩን አላውቅም ነበር ይላል። የለንም፣ ይለዋል ካርስዌል። ይህን ቀልድ፣ ይህን ብርድ ብርድ የሚል ቀልድ፣ ሆልደን እንግሊዛዊ ቢሆን መጻፍ አይቻልም። የአገሩን አየር የማያውቅ ሰው መኖር አለበት።

አንድሩስ ይጠጣ እንደነበር ጸሐፊው በሽሙጥ ያነሳሉ። ጉዳዩን አደባባይ ያወጣው ራሱ አንድሩስ ነው፤ በ1972 ጠጥቶ ማሽከርከርን በሚቃወም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቀርቦ ስለ ራሱ ተናግሯል። ፊልሙ ላይ የደረሰውን እውነተኛ ጉዳት ከፈለጉ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጋኔኑ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፊት ለፊት ይታያል፤ ዳይሬክተሩ ዣክ ተርነርም ስክሪፕቱን የጻፈው ቻርልስ ቤኔትም በዚህ ምክንያት ፕሮዲውሰሩን ሃል ቼስተርን ሲያማርሩ ኖረዋል። በአሜሪካ ሲታይ ከአሥር ደቂቃ በላይ የቆረጡትም የገንዘቡ ሰዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ትቶ ተዋናዩ ላይ ዱላ ማንሳት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። እግረ መንገዴን፣ ተርነር ፓሪስ የተወለደ ነው፤ ካርስዌልን የተጫወተው ኒያል ማክጊኒስ ደብሊን የተወለደ አየርላንዳዊ ነው። በዘር ማጣራት ከጀመርን ከዚህ ፊልም የሚተርፈን የስቶንሄንጅ ድንጋይና ዝናቡ ነው።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይህ ነው፤ ገንዘብ ያመጣቸው ሰዎች ናቸው፣ ሥራውን የሠራላቸው ግን እንግድነታቸው ነው። በእንግሊዝ አስፈሪ ፊልም ላይ ፍርሃቱ ያለው ሰዎች በጨዋነት የማያነሱት ነገር ውስጥ ነው። መንደሩ ያውቃል፤ ሁሉም ዝም ይላል። ያንን ዝምታ ለመስማት የሚጠይቅ ሰው መግባት አለበት። ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው በ1981 የወጣው «አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን» ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ላንዲስ አሜሪካዊ ስለሆነ የብሪታንያ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ያስነሳል፤ ለአሁኑ ልለፈው። ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች፣ ዴቪድና ጃክ፣ ከዮርክሻየር ሜዳ ብርድ ሸሽተው አንድ መጠጥ ቤት ይገባሉ። ሰዉ ዝም ይላል፤ ቆይቶ ጨዋታው ይመለሳል፤ ቀልድ ይነገራል፣ ይሳቃል። ጃክ ግድግዳው ላይ ያለው ኮከብ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ቀስት ይወረውር የነበረው ሰውዬ ዒላማውን ይስታል፤ ዞሮም አሳሳትከኝ ይለዋል። ሳቁ እዚያው ይሞታል። አንድም ጭራቅ አልታየም፣ አንድም ደም አልፈሰሰም፤ የተጠየቀ ጥያቄ ብቻ ነው።

ቪንሰንት ፕራይስ ላይ ጸሐፊው የያዙት ማስረጃ ጠንካራ ነው። በ1968 ለወጣው «ዊችፋይንደር ጄኔራል» ሪቭስ የፈለገው ዶናልድ ፕሌዘንስን ነበር፤ የገንዘቡን ከፊል ያወጣው የአሜሪካው ኩባንያ ፕራይስ ካልሆነ አለ። ሪቭስ 24 ዓመቱ ነበር፤ አልደበቀም፣ ፕራይስን አልፈልግህም ነበር ብሎ በፊቱ ነገረው። ሲነገር የኖረ ወሬ አለ፤ ፕራይስ ተማርሮ እኔ 84 ፊልም ሠርቻለሁ፣ አንተ ስንት ሠርተሃል ሲለው፣ ሪቭስ ሁለት ጥሩዎች ብሎ መለሰለት ይባላል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያቆምም።

ሪቭስ ፕራይስን ስላልፈለገው አልተወውም፤ ጨቀጨቀው። ሌላ ቦታ የሚያደርገውን ሁሉ ከለከለው፤ የዓይን ማጉረጥረጡን፣ የጭንቅላት ማወዛወዙን፣ የቅንድብ ጨዋታውን። የተረፈው ማቲው ሆፕኪንስ፣ በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት መሐል በምሥራቅ እንግሊዝ ከመንደር መንደር እየዞረ ጠንቋይ ናችሁ እያለ ሰው የሚያሰቅል፣ ድካም የሚታይበት፣ ድምፁ ደረቅ የሆነ ሰው ነው። ላቨንሃም በምትባለው ከተማ አደባባይ አንዲት ሴት መሰላል ላይ ታስራ ወደ እሳቱ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ሆፕኪንስ አይፎክርም፣ አይስቅም፤ አዲስ የሥራ ዘዴ እንደሚሞክር ባለሙያ ይመለከታል። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ልጆች በአመዱ ውስጥ ድንች ይጠብሳሉ። ያችን ድንች በረሳሁ ደስ ባለኝ። ፕራይስ እዚያ ላይ እንደ ልማዱ ቢያደምቀው ኖሮ ድንቿ ቀልድ ትሆን ነበር።

ፕሌዘንስ ቢሆንስ? ታላቅ ተዋናይ ነው፤ ትንሽ፣ ቁጡ፣ የሚያስቅም የሚያስጠላም ሆፕኪንስ ይሆን ነበር፤ ሌላ ፊልም። ጸሐፊው «የፕራይስ ዕድሜ እንኳ ከታሪኩ አይገጥምም» ይላሉ። እውነት ነው፣ እውነተኛው ሆፕኪንስ በ1647 ሲሞት ገና በሃያዎቹ ነበር፤ ፕራይስ ፊልሙ ሲቀረጽ 56 ነበር። ፕሌዘንስስ? 48። በዚህ ሚዛን ሁለቱም ይወድቃሉ።

«ባዕድ ድምፅ» የሚለውማ ከሁሉ ያስገርማል። ፕራይስ ሚዙሪ ይወለድ እንጂ የኪነ ጥበብ ታሪክ ለማጥናት የሄደው ለንደን ኮርቶልድ ኢንስቲትዩት ነው፤ ስም ያገኘበትን ሚና፣ የንግሥት ቪክቶሪያን ባል ልዑል አልበርትን፣ የተጫወተው በ1935 በለንደኑ ጌት ቴአትር ነው። ብሮድዌይ የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዝ ያሳደገችውን ተዋናይ ሲመለስ ባዕድ ማለት ከየት የመጣ ነው? ፊልሙን ካየ በኋላ ፕራይስ ለሪቭስ ደብዳቤ ጽፎ አድንቆታል። ሪቭስ በየካቲት 1969፣ በ25 ዓመቱ ሞተ። የአሜሪካው ኩባንያ ግን ፊልሙን በኤድጋር አለን ፖ ግጥም ርዕስ ሰይሞ፣ ግጥሙን በፕራይስ ድምፅ አስነብቦ ሸጠው፤ ከፖ ጋር ምንም ዝምድና ሳይኖረው። ጸሐፊው ሊናደዱበት የሚገባው ይህ ነው፤ አንድ መስመር እንኳ አልሰጡትም።

ስለ ሴቶቹ የተጻፈው ክፍል አልተመቸኝም። «ያራገፋቸው አሮጊቶች» ሲባል እንግሊዛዊው ተዋናይ ፒተር ኩሺንግ በ60 ዓመቱ ያው ሥራ ላይ እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ጆአን ክራውፎርድ በ1970 «ትሮግ» ላይ ከዋሻ ሰው ጋር የምትሠራውን ለመከላከል አልደፍርም፤ የመጨረሻ ፊልሟ ያ መሆኑ ያሳዝናል። ታሉላ ባንክሄድ በ1965ቱ «ፋናቲክ» ላይ ታጋንናለች፤ ግን የምትጫወተው ሴት ሃይማኖተኛ ከመሆኗ በፊት የመድረክ ተዋናይት የነበረች ናት፤ ሊፕስቲክና ቀይ ልብስ ቤቷ እንዳይገባ የምትከለክለው የገዛ ትዝታዋን ስለምትፈራ ነው። ማጋነኑ የሚናው ነው።

ቤቲ ዴቪስን ግን በዚሁ ዓመት «ዘ ናኒ» ላይ፣ ሴት ሆልት በጥቁርና ነጭ በሠራው ፊልም ላይ፣ ያየ ሰው እንዴት ተራግፋ የመጣች ይላል? እንግሊዛዊት ሞግዚት ሆና ነው የምትጫወተው። ዩኒፎርሟ የተተኮሰ፣ ጫማዋ ድምፅ የሌለው፣ አንገቷ ሁልጊዜ ትንሽ ያጎነበሰ። ጆይ የሚባለው ልጅ ካቆዩት ተቋም ሲመለስ የሠራችውን ምግብ አልበላም፣ እርሷም አታጥበኝም ይላል፤ ወላጆቹ ባለጌ ነው ይላሉ። ቤት ውስጥ ዘመድ የሚመስል፣ ግን ዘመድ ያልሆነ ሰው እንዴት እንደሚያስፈራ እኛ በሞግዚትና በቤት ሠራተኛ ያደግን ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን፤ እርሷም እኛን እንዴት እንደምትፈራን አናውቅም እንጂ። የልብ ሕመምተኛዋ አክስት ወለል ላይ ወድቃ እጇን ወደ መድኃኒቷ ስትዘረጋ፣ ዴቪስ አትጮህም፣ አትገፋትም። መድኃኒቱን ከእጇ ታርቃለች፣ በለስላሳ ድምፅ እያባበለች ትጠብቃለች። ያንን ጥበቃ ማየት አቅቶኝ አንዴ ፊልሙን አቁሜ ሻይ አፍልቻለሁ።

የጃክ ፓላንስን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በ1967 «ቶርቸር ጋርደን» ላይ ፓላንስና ኩሺንግ ሁለት የፖ መጻሕፍት ሰብሳቢዎች ሆነው ይገናኛሉ፤ አንዱ በስስት ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ሀብቱን በኩራት ያሳያል። ፓላንስን ያስመጣው ኮሎምቢያ የተባለው የፊልም ኩባንያ የአሜሪካ ስም ፈልጎ ነው። እንኳን ፈለገ።

የቀረው የጸሐፊው ትልቁ ዱላ ነው፤ ምርጦቹ አሜሪካዊ የለባቸውም የሚለው። «ዘ ከርስ ኦቭ ፍራንከንስታይን» በ1957፣ «ድራኩላ» በ1958፣ «ዘ ዊከር ማን» በ1973። ፊት ለፊት የሚታየው እውነት ነው፤ ኩሺንግና ክሪስቶፈር ሊ ራሳቸው አሜሪካ ውስጥ ስም ሆነው መሸጥ ሲጀምሩ ሃመር ከውጭ ፊት ማስመጣቱን ቀነሰ። ከካሜራው ጀርባ ግን ይሂዱ። የፍራንከንስታይንን ሐሳብ ይዘው ወደ ሃመር የመጡት ሚልተን ሱቦትስኪና ማክስ ሮዘንበርግ የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሰዎች ናቸው፤ ኋላ አሚከስ የተባለውን ስቱዲዮ ያቋቋሙትም እነርሱ ናቸው። ያከፋፈለው ዋርነር ብራዘርስ ነው። «ዘ ዊከር ማን» ላይማ ስዊድናዊቷ ብሪት ኤክላንድ አለች፤ የምትናገርበት ድምፅ የራሷ አይደለም፣ ሌላ ሴት ናት የቀዳችላት። ኤድዋርድ ውድዋርድ የተጫወተው ሳጅን ሃዊ ማን ነው? ባሕር ተሻግሮ ደሴቲቱ ላይ የመጣ፣ የሚጠይቅ፣ ሁሉም በፈገግታ የሚሸሸው፣ ሁሉም የሚያውቀውን እርሱ ብቻ የማያውቅ ሰው። የዴና አንድሩስ ሚና ነው፤ ፓስፖርቱ ብቻ ተቀይሯል።

ሪቻርድ ዊድማርክ በ1976 «ቱ ዘ ዴቭል አ ዶተር» ላይ እንዳልሆነለት አምናለሁ። ሊን የመሰለ ሰይጣን አምላኪ በድንጋይ ውርወራ ሲሸነፍ ግን ጥፋቱ የወርዋሪው ነው ወይስ ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው? ደግሞ ለሊ ራሱ አንድ ጥያቄ አለኝ። በ1960 «ዘ ሲቲ ኦቭ ዘ ዴድ» የተባለ ፊልም ሼፐርተን ስቱዲዮ ውስጥ ተሠራ። ታሪኩ ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው፤ ጭጋጉ ግን የእንግሊዝ ስቱዲዮ ጭጋግ ነው። ሊ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ሆኖ፣ በአሜሪካ አነጋገር ያስተምራል፣ ተማሪውንም ወደ ሞቷ መንደር ይልካታል። ጸሐፊው ይህን ፊልም «ከታላላቆቹ አንዱ» ብለውታል። ታዲያ እዚያ ላይ የሊ ፊት የማን ኪራይ ነው?

ስለ ዶንሌቪ አንድ ነገር አስቀርቼ ነበር። ካሮን የሆነው ነገር በዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ በኤሌክትሪክ ከተቃጠለ በኋላ ኳተርማስ ይወጣል። ማንንም አያጽናናም፣ ይቅርታ አይጠይቅም። ረዳቱ አሁን ምን ልታደርግ ነው ሲለው ሳይቆም እንደገና እጀምራለሁ ይላል፤ ካፖርቱን እንደለበሰ ብቻውን ወደ ጨለማው ይሄዳል፣ ወደ ኋላ አይዞርም። ቀጥሎ የምናየው ሌላ ሮኬት ሲነሳ ነው።